ቦይ የጠረገ ዕጣ ይጥላል

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱን ሌላ ሰው ይውሰደው፤ ሞኙ እኔ ነኝ። አንድ ነገር ከያዝሁ አልለቅም። ደብረ ታቦር ላይ ያስተማርኋቸው ልጆች ይህን ያውቃሉ፤ የሥራ ባልደረቦቼም ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ «በቃ፣ ዛሬ ምሳ የለም» እየተባባሉ ይንሾካሾካሉ። በዚያ ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ የያዝሁት ነገር የእህቴ ድንች ነበር።

ድንች ስላልሁ እንዳትስቁብኝ። ታላቅ እህቴ ናት፤ እታለም ነው የምላት። ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ሲሄዱ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ከጉና የሚመጣ ወንዝ ተጠልፎ በቦይ የሚያጠጣው ሸለቆ አለ። እዚያ ተዳረች፣ እዚያ ወለደች፣ ባለፈው ክረምት ደግሞ እዚያው ባሏን ቀበረች። ልጆቿ ሁሉም ከቤት ወጥተዋል። የቀራት ከቦዩ ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ማሳ ናት፤ በዚያች ላይ የበጋ ድንች ተከለች። ድንቹ ከደረሰ ቀለቧም ዘሯም እሱ ነው፤ ተሽጦ ለአራሽም ይሆናታል። ከደረቀ ግን መሬቷን ለዋርሳዋ፣ ለባሏ ታናሽ ወንድም ማለቴ ነው፣ እሱ እያረሰ ምርቱን እንዲካፈሉ በእኩል መስጠቷ ነው። ባል የሞተባት ሴት በእኩል የሰጠችው መሬት እንዴት እንደሚመለስ አይቻለሁ። አይመለስም። የሚለወጠው ሰላምታው ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ነው፣ ኋላ ቀና ብሎ፣ በመጨረሻ በዓይን ጥቅሻ ይሆናል።

አንድ ሰኞ ስልክ ደወለች። እታለም የምትደውለው ወይ ሰው ሲሞት ወይ ሰው ሲዳር ነው።

«ማን ሞተ?» አልኋት ገና ሳነሣው።

«ድንቹ» አለች።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገራችሁ። በዚያ ሸለቆ ውሃው የሚዳረሰው በተራ ነው፤ ተራው የሚወጣው በዕጣ ነው። የሚያስተዳድሩት የውሃ አባት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ዕጣውን የሚጥለው አባወራው ነው። የእታለም ባል ከሞተ ወዲህ የእሱን ዕጣ ዋርሳዋ ይጥል ነበር፤ «ለሷው ብዬ ነው» እያለ። ተራው ሲደርስ ታዲያ ውሃው መጀመሪያ የሚገባው ከሱ ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ነው። «ትንሽ ላርጥበውና እለቅልሻለሁ» ይላታል። ላርጥበውና እያለ ተራው ያልፋል። ቀበሌ ሄዳ ነበር። መሬቱ በስምሽ ነው፣ የውሃውን ነገር ግን በባህላችሁ ጨርሱት ብለው መለሷት።

«አንቺስ ምን አልሽ?» አልኋት።

«ምን እላለሁ? ከወንዶች ጉባኤ መሀል ገብቼ ልጩህ እንዴ?»

በሷ ልናደድ፣ በሱ ልናደድ፣ በቀበሌው ልናደድ ሳልወስን ስልኩ ተቋረጠ።

በማግሥቱ ክፍል ገባሁ። የማስተምረው የዜግነት ትምህርት ነው፤ የዚያን ቀን ምዕራፍ ደግሞ ስለ ጥንታውያን ግሪኮችና ስለ ዴሞክራሲ ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ግን እንዲገባቸው ባማርኛ ነው የማወራው። ካህናታችን ጽርእ በሚሉት አገር አቴና የምትባል ከተማ ነበረች አልኋቸው። ሕዝቡ ከኮረብታ ላይ ይሰበሰባል፤ አዋጅ ነጋሪው ተነሥቶ «መናገር የሚሻ ማን ነው?» ብሎ ይጣራል። ባለጸጋው ብቻ ሳይሆን ጫማ ሰፊውም ገበሬውም ተነሥቶ መናገር ይችላል። ሕግ የሚያወጣው ያ ጉባኤ ነው። ለአብዛኛው ሹመት ሰው የሚገኘው በዕጣ ነው። ሹመቱ ለአንድ ዓመት ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ተሿሚው ቆሞ የሠራውን ያስረዳል፤ ያጠፋ ይከሰሳል።

«እኛስ አገር ምን ይባላል?» አልኋቸው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል!» አለ ሌላው ተቀብሎ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

እኔም አብሬ ስቄ ቀጠልሁ። ያ ሐሳብ አቴና ላይ ተቀብሮ አልቀረም። ሮማውያን የፈለጉትን ያህል ወሰዱ። የቀረውን መነኮሳት በየገዳሙ ሲገለብጡት፣ የዓረብ ሊቃውንትም ሲተረጉሙት ኖሩ። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በንጉሥ የተማረሩ ሰዎች እነዚያን መጻሕፍት ገለጡና ለካ ሕዝብ ራሱን ማስተዳደር ይችላል አሉ። እንዳለ ግን አልወሰዱትም። አገሩ ሰፊ ነው፣ ሕዝቡ ሁሉ ከአንድ ኮረብታ ላይ አይሰበሰብም፣ ስለዚህ ወኪል እንምረጥ አሉ፤ የዛሬው ፓርላማ ከዚያ መጣ። ግሪኮቹ ራሳቸው ምርጫን ይጠረጥሩት ነበር። ምርጫ ለሀብታምና ለአፈ ጮሌ ያደላል፣ ዕጣ ግን ፊት አያይም ይሉ ነበር። ዛሬ ዕጣው በአንዳንድ አገር ፍርድ ቤት ቀርቷል፤ ከዳኛው ጋር ተቀምጦ «ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም» የሚለው ተራ ሰው የሚጠራው በዕጣ ነው። የሥልጣን ዘመን ገደብ አለው፣ ባለሥልጣን ይጠየቃል፣ ሕግ ከሰው በላይ ነው የምንለው ሁሉ ሥሩን ብትቆፍሩት ከዚያ ኮረብታ ላይ ታገኙታላችሁ አልኋቸው። ስናገር አምሮብኝ ነበር።

መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ፣ ብዙ የማትናገር ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህርት፣ ሴቶቹስ?»

«አይገቡም» አልኋት። «ሴት አይገባም፣ ባሪያ አይገባም፣ ከሌላ አገር የመጣም አይገባም።»

«ታዲያ ሕዝብ ያሉት ማንን ነው?»

ደወሉ ገላገለኝ። «ሰኞ እመልስልሻለሁ» አልኋት። አስተማሪ ሰኞ እመልስልሻለሁ ካለ አያውቀውም ማለት ነው፤ ልጅቱም ገብቷታል፤ ፈገግ ብላ ደብተሯን ሰበሰበች።

እሷ የጠየቀችኝ ስለ አቴና ነው። እኔ የሰማሁት ግን ስለ እታለም ነው። ከግቢ ስወጣ ከዓመታት በፊት ያነበብሁት ነገር ትዝ አለኝ። በዚያች ከተማ መጀመሪያ ላይ ድሃ ብዙም አይቆጠርም ነበር። መሬት የሌለው፣ ጋሻና ጦር መግዣ ያጣ፣ ከጉባኤው ጥግ ቆሞ ይሰማል። ኋላ ከተማዋ በባሕር ጦርነት ገጠማት። መርከብ ያለ ቀዛፊ አይሄድም፤ ቀዛፊው ደግሞ ያው ድሃ ነው። ክንዱ ከተማዋን ካዳነ ወዲያ ዝም በል የሚለው ጠፋ። ማንም ለምጽዋት ብሎ ድምፅ አልሰጠውም፤ ቀዝፎ ነው ያገኘው። ይህን እያሰብሁ ነው ባጃጅ አስቁሜ «ወደ ገሳይ መንገድ» ያልሁት።

የውሃ አባቱን ያገኘኋቸው ከደጃቸው ተቀምጠው የአካፋ እጀታ ሲያስተካክሉ ነው። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ «አባቴ፣ እህቴ ዕጣ የማትጥለው ለምንድን ነው?» አልኋቸው።

«ቁጭ በይ እስቲ መጀመሪያ» አሉ። ተቀመጥሁ። እጀታውን አዙረው አዙረው አዩት። «ሕጉ አጭር ነው ልጄ። ቦይ የጠረገ ዕጣ ይጥላል። ከአባቶቻችን የመጣ ነው።»

«ሴት አይጥልም ይላል?»

«ሴት አይልም። ግን ሴት ቦይ ጠርጋ አታውቅም።»

«ከጠረገችስ?»

ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ከወንዶቹ ጋር መኳረፍ አይወዱም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይባላል እኮ» አሉ።

«እሱን ያለው ወንድ ነው» አልኋቸው። «አንቱም ያውቁታል።»

ሳቃቸው አመለጣቸው። እጀታውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተነሡና፣ «ሐሙስ ነው የሚጠረገው። ከረፈደ የመጣ አይቆጠርም» አሉ።

እታለም ግን ስነግራት እንደኔ አልዘለለችም። «አንቺ ነገ ደብረ ታቦር ትገቢያለሽ» አለችኝ። «እኔ ከነዚህ ሰዎች ጋር ነው የምኖረው። ብታመም የሚሸከመኝ፣ ብሞት የሚቀብረኝ እነሱ ናቸው።» እውነቷን ነው። ወደ ማሳው ወሰደችኝና ድንቹን አየን። ቅጠሉ ጠዋት ቀና ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይተኛል። ጎንበስ ብላ አንዱን ቅጠል ዳበሰችው። «ባሌ አንድም ዓመት አድርቆት አያውቅም» አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «አካፋ ከየት ታመጫለሽ? የኔ አንድ ነው» አለችኝ።

ሐሙስ ዕለት ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ወስጄ፣ ከጎረቤት አካፋ ተውሼ፣ ገና ሳይሞቅ ደረስሁ። የበጋ ቦይ ደለሉ፣ ሥሩና ድንጋዩ የተጠላለፈ ነው፤ እግር ይውጣል። የውሃ አባቱ ለእያንዳንዱ ሰው ድርሻውን በዘንግ እየለኩ ሰጡ። ለኛም ለኩልን። ጉርምርምታ ተነሣ። ዋርሳዋ አካፋውን ተደግፎ፣ «ወንድሜ ቢያይ ምን ይል? ሚስቱ ጭቃ ስትዝቅ!» አለ ሁሉም እንዲሰማ።

«እሱማ ቢያይ አንተን ነበር የሚጠይቅህ» አልሁት። እታለም በክርኗ ጎሸመችኝ።

አንዱ ጎረምሳ ደግሞ፣ ከዓመታት በፊት እኔው ያስተማርሁት፣ «መምህርት፣ ከጠመኔ ይከብዳል?» አለኝ።

«አንተን ከማስተማር ይቀላል» አልሁት። ወንዶቹ በሱ ሳቁበት፤ ከዚያ በኋላ ለቀቁኝ።

እታለም ቀሚሷን ወደ ላይ ሸጉጣ ትዝቃለች። እኔ አካፋውን ሦስት ጊዜ አንሥቼ አንዴ ሳርፍ፣ እሷ ሳታርፍ ወደፊት ትሄዳለች። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ እንደገና ቋጠረ። ወገቤ የኔ አልነበረም። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ የውሃ አባቱ እየዞሩ ሲያዩ እኛ ጋ ደረሱ። የቦዩን ግራና ቀኝ በእግራቸው መታ መታ አደረጉ። ከቁጥቋጦው ለምለም ቅጠል ቀነጠሱና ከድርሻችን መጨረሻ ላይ ሰኩት። በዚያ ሸለቆ ቅጠል የተሰካበት ድርሻ ተጠርጓል ማለት ነው። እታለም ቅጠሉን ስታይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እያለቀሰች ነው ብዬ ቀረብ ስል ለካ እየሳቀች ነው።

ዕጣው የሚወጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቦዩ ከወንዙ በሚነሣበት፣ ከሾላው ሥር ነው። ሁሉም የየራሱን ምልክት ይዞ ይመጣል፤ ጠጠር፣ የባሕር ዛፍ ፍሬ፣ ገለባ፣ ቁራጭ እንጨት። ጠዋት እታለም ምን እንደምትይዝ ስትፈልግ፣ አቴናውያን ሹማምንታቸውን በዕጣ ሲያወጡ በባቄላ ነበር አልኋት። «ባቄላ? ያን የሚያህል ሹመት በባቄላ?» ብላ ገረማት። ከዚያ ከስልቻው አንዲት ፍሬ አወጣች። «ባቄላማ እኛም አለን።»

አንድ ነገር ላስተካክል። የዚያ ሸለቆ ሰው ዕጣን ከግሪክ አልተማረም። ካህናቱም ሐዋርያት የጎደለውን ሰው በዕጣ እንደተኩ ያስተምራሉ። አቴናውያን ዕጣ ሲያወጡ ማንም እንዳያጭበረብር ድንጋይ ፈልፍለው መሣሪያ ሠርተው ነበር፤ የኛዎቹ መንገደኛ ያቆማሉ። ማንንም የማያውቅ፣ ማንም የማያውቀው ሰው ይሁን ነው ሕጉ። እኔ ከግሪኮቹ የወሰድሁት ዕጣውን ሳይሆን ጥያቄውን ነው፤ ከጉባኤው የሚቆጠረው ማን ነው የሚለውን። የቀረው ከቤታችን ነበር።

ወንዶቹ አንድ በአንድ እየመጡ፣ በጨርቅ ከተሸፈነው ቅል ውስጥ እጃቸውን እየሰደዱ ምልክታቸውን ጣሉ። ዋርሳዋ ከመጀመሪያዎቹ ነበር። መጨረሻ ላይ እታለም ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ ወረደች።

«ኧረ ጉድ! ሴትም ዕጣ ልትጥል?» አለ አንድ ሰው።

«ቦይ የጠረገ ዕጣ ይጥላል» አሉ የውሃ አባቱ። «ቅጠሉን የሰካሁት እኔ ነኝ። አልተጠረገም የሚል ካለ ሄደን እንየው።» ተነሥቶ የሄደ የለም። እታለም ባቄላዋን ጣለች።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት በቅሎ የጫነ ነጋዴ ወደ ገሳይ ሲያልፍ አስቆሙት። እስላም ነው፤ ሳሙናና ጨው ይዟል። «ወላሂ፣ እኔ እዚህ የማውቀው ሰው የለም» አለ፤ «ለዚህማ ነው የፈለግንህ» አሉት። ጀርባውን ለሰዉ ሰጥቶ ተቀመጠና ከቅሉ አንድ በአንድ እያወጣ በቦዩ ዳር ደረደረ። ፊት የወጣ ቀድሞ ያጠጣል፤ ኋላ የወጣ ኋላ ያጠጣል። ሲጨርስ «ጥሩ የወጣለት ሳሙና ይግዛኝ!» አለ። ሁሉም ሊያይ ተጋፋ። እኔ የፈለግሁት ባቄላዋን ነው። አገኘኋት። ከሁሉም መጨረሻ ነበረች።

በዚያ ተራ ውሃው እስኪደርሳት ድንቹ አይቆይም።

ሰዎቹ የየራሳቸውን ምልክት አነሡ። ዋርሳዋ ነጭ ጠጠሩን ከእታለም ባቄላ በፊት አገኘው፤ ከመጨረሻው ሁለተኛ ማለት ነው። ሁሉም አንሥቶ ሲያበቃ ግን አንዲት የባሕር ዛፍ ፍሬ ያለ ባለቤት ቀረች። ከሁሉም ፊት የወጣችው እሷ ናት።

«ይቺ የማን ናት?» አሉ የውሃ አባቱ።

ዋርሳዋ ጉሮሮውን ጠረገ። «የወንድሜ ናት። እንደ ወትሮው እኔ ነኝ የጣልሁለት።»

«ለአንድ ማሳ ሁለት ዕጣ?» አሉ። ጩኸት ሆነ። ዕጣው ይፍረስ የሚለው ኋላ የወጣበት ነው፤ አይፈርስም የሚለው ፊት የወጣለት። የውሃ አባቱ ዘንጋቸውን አነሡ። «የወጣ ዕጣ አይፈርስም። ከሁለቱ አንዱ ይነሣል።»

ያኔ ዋርሳዋ ወደ እታለም ዞረ። ድምፁን አለስልሶ፣ «ምን አጣላን?» አላት። «የኔዋ እኮ የመጀመሪያዋ ናት። ነገ ጠዋት ውሃ አለሽ። ባቄላሽን አንሥተሽ ተይው፤ እንደ ወትሮው እኔ አለሁልሽ።»

እኔ በልቤ ድንቹን እያየሁ ነበር። ነገ ጠዋት ውሃ! ምን አለበት፣ ዘንድሮን እሺ ትበልና ለከርሞ እንሟገታለን። ይህ ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የውሃ አባቱ ግን እኔን አላዩም። «ልጄ፣ ማሳው ያንቺ ነው» አሏት። «የቱ ይነሣ? አንቺ ተናገሪ።»

መናገር የሚሻ ማን ነው ብሎ እንደሚጣራው ሰው መስለው ታዩኝ። እህቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያ ሸለቆ ስትኖር ከወንዶች ጉባኤ መሀል አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም። ነጠላዋን ካፏ ላይ አነሣች።

«የሱዋ ትነሣ» አለች። «በሷ የሚመጣው ውሃ የሱ ነው። ባቄላዋ መጨረሻ ናት፤ ግን የኔ ናት። እጠብቃለሁ።»

«እታለም!» አልሁ ሳላስበው።

«ዝም በይ አንቺ» አለችኝ፤ በሰው ፊት። ዝም አልሁ። እኔን ዝም ያሰኘ ሰው ብዙ የለም።

የውሃ አባቱ የባሕር ዛፏን ፍሬ አንሥተው ወደ ወንዙ ወረወሩ። ነጋዴው በቅሎዎቹን እየነዳ፣ «እኚህ እናት ሳሙና ባይገዙኝም እመርቃቸዋለሁ» እያለ ሄደ።

ሰኞ ክፍል ገባሁ። ልጅቱ አልረሳችም፤ ገና ሳልቀመጥ አየችኝ። «ሴቶቹ አልገቡም ነበር» አልኋት። «ግሪኮቹ ሁላችን እኩል ነን ሲሉ ሁላችን ያሉት ራሳቸውን ነበር። ግን ቃሉ ካፋቸው ወጣ፤ ከወጣ በኋላ አልመለስ አለ። ድሃውም ባሪያውም ሴቷም በየዘመናቸው ያንኑ ቃል ይዘው መጡና እኛስ አሉ። ዛሬ ዴሞክራሲ የምንለውን ነገር ግሪኮች ጀመሩት፤ ከግማሽ በላይ የሠሩት ግን ያኔ ውጭ የቀሩት ናቸው። ገናም አላለቀም።»

ትንሽ አሰበችና፣ «መምህርት፣ እጅዎ ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ቦይ ጠርጌ» አልኋት። ክፍሉ እየቀለድሁ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሥራ ብቻ ነው። ተራዋ እስኪደርስ ከወንዙ በጄሪካን ውሃ ተሸከምን። ከትምህርት በኋላ ባጃጅ ይዤ እሄዳለሁ፣ እስኪመሽ እንመላለሳለን፤ እያንዳንዱ ድንች ሥር አንድ አንድ ጣሳ እንሰጣለን። ዋርሳዋ ከሽንኩርቱ ዳር ቆሞ ያየናል። የባሕር ዛፏ ፍሬ በመነሣቷ የሱም ሽንኩርት እየጠበቀ ነበር። አንድ ቀን ጠጋ ብሎ፣ «አሁንም በእኩል ብትሰጭኝ ሰው አስመጥቼ አስቀዳለሁ» አላት። ጄሪካኗን ከጀርባዋ ሳታወርድ፣ «ከደረቀም በጄ ይድረቅ» አለችው። በማግሥቱ ከሸለቆው ሴቶች አንዷ ጄሪካን ይዛ መጣች፤ ምክንያቷን አልተናገረችም። ቀጥሎ ሌላዋ መጣች። እየመሸ ሲሄድ ስለ ቦይ ጠረጋው ይጠይቋት ጀመር፤ ዘንጉ ስንት ይለካል፣ ድንጋዩ ያስቸግራል ወይ እያሉ። ከማሳው ከፊሉ ሞተ። መሸፋፈን አልፈልግም፤ የላይኛው ጥግ ሙሉ በሙሉ ከሰለ። የቀረው እየተኛም እየተነሣም ጠበቀ።

ተራዋ የሚደርሰው ቅዳሜ ስለነበር የዋዜማውን ሌሊት እዚያው አደርሁ። ሕጉ ፀሐይዋ ከጉና ላይ ብቅ ስትል፣ ማታም ስትጠልቅ፣ ያለፈው ሰው ይዘጋል፣ ባለተራው ይከፍታል ነው። ከሷ በፊት ያለው ዋርሳዋ ነው። ፀሐይዋ ወጣች፤ ውሃው አልመጣም። ቦዩን ይዘን ወደ ላይ ስንወጣ ውሃው ወደ ሽንኩርቱ ይወርዳል፤ እሱ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል። ሲያየን እጁን አነሣ። «ትንሽ ላርጥበውና!» አለ።

አፌን ከፈትሁ። የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ቢያንስ የአንድ ክፍለ ጊዜ ንግግር። እታለም እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ አቆመችኝ፤ አካፋዋን ትከሻዋ ላይ አወጣች።

«ዝጋው!» አለች።

ድምፅዋን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። ከማዶ የሚቆፍሩ ሰዎች ቀና አሉ። ውሃ ሊቀዱ የወረዱት ሴቶች ቆሙ። የውሃ አባቱ ከደጃቸው ወጡ።

«ዝጋው! ተራዬ ነው!»

ዋርሳዋ ወደ ማዶ አየ፣ ወደ ሴቶቹ አየ፣ ወደ ሽማግሌው አየ። ሽማግሌው ቆመው አዩት። እሱም ጎንበስ ብሎ ጭቃ ዛቀና የሽንኩርቱን መግቢያ ዘጋው።

ውሃው ቅጠልና ገለባ እየገፋ፣ በጠረግነው ቦይ አድርጎ፣ የውሃ አባቱ የሰኩት ቅጠል ደርቆ ገና በቆመበት አልፎ ወረደ። እኔ ከቦዩ ዳር ቆሜ አለቀስሁ፤ በሰው ፊት፣ ሳላፍር። እታለም ግን ዞራም አላየችኝ። ወደ ማሳዋ እየሮጠች ነበር።

«አንቺ መምህርት፣ ምን ያስለቅስሻል?» አለችኝ ከታች። «አካፋሽን ይዘሽ ነይ! ፀሐይ ስትጠልቅ እኔም እዘጋለሁ።»